ጫካ ውስጥ ጂፒኤሱ ሲያዞራችሁ፦ ሣጥኑንም ጫካውንም ለማየት

ጂኦካሺንግ ሌላ ሰው የደበቀውን ሣጥን በጂፒኤስ ነጥብ እየተመሩ የሚፈልጉበት ጨዋታ ነው። የደረሰኝ ጥያቄ «ከልጆቼ ጋር ጂኦካሺንግ ስንወጣ ስልኩ ‹4 ሜትር ቀረ› እያለ ያዞረናል፤ ዓይናችን ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ ሣጥኑንም ሳናገኝ ጫካውንም ሳናይ እንመለሳለን» የሚል ነው። የሁለቱም መፍትሔ አንድ ይመስለኛል፤ ስልኩ በጊዜ ኪስ ይግባ።

ገላጣ ሜዳ ላይ የስልክ ጂፒኤስ ስሕተት 5 ሜትር ገደማ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ግን እርጥብ ቅጠል የሳተላይቱን ምልክት ያዳክመዋል፤ ከግንድና ከገደል ነጥሮ የሚመጣውም ዘግይቶ ይደርሳል። ያኔ ስሕተቱ 10 እና 15 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ሣጥኑን የደበቀው ሰውም ነጥቡን የመዘገበው እዚያው ጥላ ሥር ስለሆነ የእሱም ስሕተት ይጨመርበታል። ስለዚህ «4 ሜትር» የሚለውን አትመኑት።

ከቦታው 40 ወይም 50 ሜትር ያህል ርቃችሁ ሰማይ በደንብ የሚታይበት ክፍት ቦታ ፈልጉ። ስልኩን 2 ደቂቃ ያህል ሳታንቀሳቅሱ ያዙት። ቁጥሩ ሲረጋ አቅጣጫውንና ርቀቱን አንብቡና በኮምፓስ መስመሩ ላይ የሚያርፍ አንድ ጉልህ ዛፍ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወደ ጎን ዞራችሁ ከሌላ ክፍት ቦታ ይህንኑ ድገሙ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ የፍለጋችሁ መሐል ነው። ከዚህ በኋላ 10 ሜትር ዙሪያውን በዓይን ብቻ ፈልጉ።

ጫካው የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። ሰው የነካውን ለመለየት ያልተነካው ምን እንደሚመስል ማወቅ ግድ ነው። የረገፈ ጭራሮ እንደፈለገው ተዘበራርቆ ይወድቃል፤ ጎን ለጎን ተሰድሮ ካያችሁት ሰው አስቀምጦታል። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ግራጫ ሽበት (ላይከን) በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ብዙው ዓይነት በዓመት ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ብርሃንም ስለሚፈልግ፣ ሽበታም ፊቱ ወደ መሬት የዞረ ድንጋይ በቅርቡ ተገልብጧል ማለት ነው። የግንድ ሽንቁር አፍ ላይ ሙሉ የሸረሪት ድር ከተዘረጋ ደግሞ ገና አሁን እጅ አልገባበትም፤ አትቅደዱት፣ በባትሪ ብቻ አብሩበት።

ከወደቀ ግንድ አጠገብ ግን አትቸኩሉ። መሬት ላይ የወደቀ ቅርፊት አንሥታችሁ ውስጡን ለልጆቹ አሳዩ። አንዳንዱ ላይ እኩል ስፋት ያለው አንድ ቦይ፣ ከእሱም ግራና ቀኝ የሚወጡ ቀጫጭን ቦዮች ታያላችሁ። መሐሉን የቆፈረችው እንቁላል የምትጥል ጢንዚዛ ናት፤ የጎኖቹ የእጮቿ ናቸው። የጎን ቦዮቹ እየራቁ ሲሄዱ የሚሰፉት እጩ እየበላ ስለሚወፍር ነው። በሻገተው እንጨት ውስጥ የተዘረጋው ነጭ ክር ደግሞ የእንጉዳዩ ዋና አካል ነው፤ ላይ ጃንጥላ መስሎ የሚታየው ዘር የሚበትንበት ክፍሉ ብቻ ነው። ግንዱ ላይ የተጣበቀውን ቅርፊት ግን አትላጡ፣ ሥሩ የብዙ ነፍሳት ቤት ነው።

ድንጋይ ማንሣት ካለባችሁ ከወዲያኛው ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ አዘንብሉት። ሥሩ እባብ ቢኖር ድንጋዩ ይከልላችኋል፣ እሱም በወዲያ በኩል ይወጣል። ስትመልሱ መጀመሪያ ድንጋዩን በቦታው አስቀምጡ፤ ነፍሳቱ በጎን ራሳቸው ይግቡ፣ አለዚያ ይጨፈለቃሉ። መሬት አትቆፍሩ፤ የጨዋታው ደንብ ያለ ቦታው ባለቤት ፈቃድ ሣጥን ለመቅበር መቆፈርን ስለሚከለክል መቆፈር ከጀመራችሁ ቦታውን ሳትስቱት አልቀራችሁም። ወፍ እየጮኸች ከአጠገባችሁ አልሄድ ካለች ጎጆዋ ቅርብ ነውና ፍለጋውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ሣጥኑ ሲገኝ ውስጡ ባለው መዝገብ ላይ በእርሳስ ፈርሙ፣ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ከመዝጋታችሁ በፊት የክዳኑን ጎማ ጥረጉ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውሃ ታስገባለች። ምግብ በጭራሽ አትተዉበት፣ አውሬ ሽታውን ተከትሎ ሣጥኑን ያኝከዋል።

ለሚቀጥለው ጉዞ የአስቸጋሪነት ደረጃው ከ5 ከ2 ያልበለጠና ሰዎች በቅርቡ ያገኙትን ምረጡ። ልጆቹ ከሣጥኑ ይልቅ ድንጋይና አፈሩን ከወደዱ ኧርዝካሽ የሚባለውን ሞክሩ፤ ሣጥን የለውም፣ ቦታው ላይ ቆማችሁ ስለ አለቱ ወይም ስለ መሬቱ አፈጣጠር የተጠየቀውን ተመልክታችሁ ትመልሳላችሁ።