ዋስትና ተፈቅዶለት ገንዘብ ላጣ ልጅ

ጥያቄ፦ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ድንች እየቸረቸርኩ ነው የምተዳደረው። የቀን ሠራተኛው ልጄ ከጓደኛው ጋር በሞባይል ስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱም በ15 ሺህ ብር ዋስ ይውጡ አለ። የጓደኛው አባት ሱቅ ስላላቸው ልጃቸውን በዕለቱ አስወጡ። የእኔው እስካሁን ጣቢያ ነው። ጎረቤቶቼ «ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ይገላገል» ይሉኛል። ሕጉ ለባለ ገንዘብ ነው እንዴ?

መልስ፦ እናቴ፣ ከጎረቤቶችዎ ምክር ልጀምር። እባክዎ እንዳይሰሟቸው። ልጅዎ ያላደረገውን አደረግሁ ካለ፣ ፍርድ ቤቱ በዚያው ቃል ብቻ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የጥፋተኝነት መዝገቡም ነገ ሥራ ሲፈልግ ይከተለዋል። ዋስ ያጡ ድሆች «ልገላገል» ብለው የማያውቁትን ጥፋት ሲቀበሉ ማየት ያንገበግበኛል። ልጅዎ ዝም የማለት መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ሰፍሯል።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በሀብት ምክንያት ልዩነት አይደረግም ይላል። ግን 15 ሺህ ብር ለባለ ሱቁ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ለእርስዎ የወራት ሽንኩርት ነው። ለሁለቱ እኩል ገንዘብ መጥራት እኩል መዳኘት አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 69 ይህን አስቦበታል። ዳኛው የዋስትናውን መጠን ሲወስን የክሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የተያዘውንና የዋሶቹን አቅምም እንዲያይ ያዛል። ችግሩ፣ አቅሙን የሚነግረው ሰው ከሌለ ዳኛው ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ዋስትናውን ላዘዘው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። ልጅዎ የቀን ሠራተኛ መሆኑን፣ የቤተሰቡን ገቢና ቋሚ አድራሻውን ይጻፉ፤ ከቀበሌ ማስረጃ ያያይዙ። መጠኑ ይቀነስልን፣ ካልሆነም በሰው ዋስ ይውጣ ይበሉ። ደሞዝተኛ ዘመድ ወይም የእድር ሰው ካለ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደሞዝ መጠኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ ይቅረብ።

ዋስትናው ጭራሹን ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻል ነበር። የእርስዎ ጉዳይ ግን በማመልከቻው ይጀመር።

ጠበቃ መቅጠር አልችልም ብለው አይተዉት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻውን እዚያ ያጽፉ። ክስ ከተመሠረተ ደግሞ፣ ጠበቃ ማጣቱ ፍትሕ የሚያዛባ ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መጠየቅ ይችላል።

አንድ ነገር ላክል። የዋስትና ገንዘብ ቅጣት አይደለም። ልጅዎ በቀጠሮው እየቀረበ ጉዳዩ ካለቀ ተመላሽ ነው። ገንዘቡን ለፍርድ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ብቻ ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ። «እኔ ላስወጣልዎ» ብሎ በእጁ ብር ለሚጠይቅዎ ለማንም እንዳይሰጡ።