የአባቴን የሞተር መጠቅለያ ሱቅ ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባሕር ዳር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂ ነሽ። አባትሽ የሞተር መጠቅለያ ሱቅ፣ ማለትም የተቃጠለ ሞተርን ሽቦ አውጥቶ በአዲስ የሚጠቀልል ሱቅ አላቸው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ክረምት ክረምት እዚያ ሠርተሻል። ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ «የኢንዳክሽን ኮይልን ቅልጥፍና ማሻሻል» የሚል ርዕስ አስገብተሽ አማካሪሽ «በጣም ሰፊ ነው» ብሎ መልሶልሻል። ኮይል የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ አንቺ በኢንዳክሽን የሚሠራ የእንጀራ ምጣድም አስበሻል። በዚህ ሙያ ሥራ አለ ወይ፣ ማስተርስስ ልቀጥል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ ኮይል የት ያደርስሻል፣ ኮዲንግ ብትማሪ ይሻላል ይሉሻል። መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ ያለፍሻት አንዲት ጥያቄ አለች። የአባቴን ሱቅ ሲቪዬ ላይ ብጽፈው ዝቅ ያደርገኛል ወይ ነው የምትለው። ከእሷ ልጀምር፣ ምክንያቱም የሌሎቹም መልስ የሚወጣው ከእሷ ነው።

ጻፊው። ከላይ ጻፊው።

ግን «በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ አግዣለሁ» ብለሽ አይደለም። እንደዚያ ከጻፍሽው ማንም አያየውም። ስንት ሞተር በእጅሽ እንዳለፈ፣ ከስንት እስከ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሆነ፣ ምን ምኑን አንቺ እንደሠራሽ ጻፊ። ዙር ቆጥረሻል? ሽቦውን በማይክሮሜትር ለክተሻል? ስሎት ውስጥ ወረቀት አስገብተሻል፣ ቫርኒሽ ነክረሻል፣ የሽቦው ሽፋን ከረንት እንዳያሾልክ በሜገር ፈትሸሻል? ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ብዙ ተመራቂ የሶስት ፌዝ ጥቅል ንድፍ ሰሌዳ ላይ አሳምሮ ይስላል፣ ሞተር ሲከፈት ግን የመጀመሪያው ሽቦ የት እንደሚጀምር አያገኘውም። አንቺ ታገኚዋለሽ። ያንን መደበቅ የያዝሽውን ብር መንገድ ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው።

የጎደለሽ አንድ ነገር ግን አለ። በግልጽ ልንገርሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቁጥር የለም።

ለምን ይሄን እንደማነሳ ከራሴ ልንገርሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የ20 ፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፕ ሞተር ተቃጠለና ውጪ ሰጥተን አስጠቀለልነው። ተመልሶ መጣ፣ ተገጠመ፣ ዞረ። ሁሉም ደስ አለው። በሳምንቱ እጄን ሰውነቱ ላይ ባሳርፍ ማቆየት አቃተኝ። ጭነቱን ፈትቼ ባዶውን ሳስነሳው፣ ድሮ 11 አምፔር የነበረው ከረንት 17 ሆኗል። ስንከፍተው ነገሩ ታየ። አሮጌውን ጥቅል ያወጡት እሳት ላይ ጥደው ነበር፤ ኮሩ፣ ማለትም ሽቦው የሚጠቀለልበት ብረት፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። የ1 ሚሊ ሽቦ ስላጡ 0.9 ተጠቅመዋል። ዙሩም ጥቂት ጎድሏል።

እስቲ አብረን እናስላው። ከ1 ሚሊ ወደ 0.9 መውረድ በዓይን እንኳ አይለይም። ነገር ግን ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የክቡ ስፋት ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፣ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን) በ23 በመቶ ይጨምራል፣ በሙቀት የሚጠፋውም እንደዚያው። ሽቦው ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል፤ መዳብ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ሬዚስታንሱ በ30 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ዙር ሲጎድል ኮሩ ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ፍሰት ይጨምርና ብረቱ ይጠግባል፤ ባዶውን የሚስበው ከረንት የሚዘለው ለዚህ ነው። እሳቱ ያደረገው ግን ከሁሉም ይብሳል። ኮሩ አንድ ድፍን ብረት አይደለም። ግማሽ ሚሊ አካባቢ ውፍረት ያላቸው ስስ ንጣፎች ናቸው፣ በመካከላቸውም ከረንት እንዳያልፍ ስስ ሽፋን ተቀብተዋል። ያ ሽፋን ሲቃጠል ብረቱ ራሱ ውስጥ ከረንት መዞር ይጀምራል። ጥሩ የሚሠሩ ቤቶች አሮጌውን ጥቅል የሚያቃጥሉት ሙቀቱን በሚቆጣጠሩበት ምድጃ ነው፣ ከ370 ዲግሪ እንዲያልፍም አይፈቅዱም።

ተጨማሪው ብክነት 600 ዋት ብቻ ነው እንበል። ፓምፑ በቀን 20 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል። 3,600 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ በየዓመቱ፣ ከአንድ ሞተር። ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም ሞተሩ «ይሠራል»።

ስለዚህ የኮይል ሙያ ማለት ለእኔ ዋቱ የት እንደጠፋ የመፈለግ ሥራ ነው። ሽቦ መጠቅለል የሚችል ሰው አለ። ቀመር የሚያውቅ ሰውም አለ። ጠቅልሎ፣ ለክቶ፣ «እዚህ ጋ ይሄን ያህል ይጠፋ ነበር፣ አሁን ይሄን ያህል ሆነ» ብሎ በወረቀት የሚያሳይ ሰው ግን ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጥቼዋለሁ። አንቺ ግማሹን መንገድ ሄደሽዋል።

አሁን ወደ ርዕስሽ። አማካሪሽ ልክ ነው፣ አትቀየሚው። የሞተር ጥቅል፣ ትራንስፎርመር፣ የኢንዳክሽን ምድጃ (ኮይሉ ድስቱ ራሱ ውስጥ ከረንት በማዞር የሚያሞቀው)፣ የብረት ማቅለጫ፣ ሁሉም ኮይል ነው፣ ግን እያንዳንዱ የሚያባክነው በሌላ በሌላ መንገድ ነው። በተለይ ፍሪኩዌንሲው (ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ሲቀየር ሁሉ ነገር ይቀየራል። በ50 ኸርዝ ከረንት መዳብ ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ድረስ ይገባል፣ ስለዚህ የአባትሽ ሱቅ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሽቦ እስከ መሃሉ ይሠራል። በ25 ሺህ ኸርዝ ግን የሚገባው 0.4 ሚሊ ብቻ ነው። የ2 ሚሊ ሽቦ ወስደሽ የኢንዳክሽን ምድጃ ኮይል ብትጠቀልዪበት ከመዳቡ ሲሶው ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ያሉት ዙሮችም አንዱ የሌላውን ከረንት እየገፋ ያጣብቡታል፣ ጉዳቱ ከዚያም ይብሳል። አንድ የተበላሸ የኢንዳክሽን ምድጃ ገዝተሽ ፍቺው። ወፍራም የሚመስለው ሽቦ ሲገለጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ የተቀቡ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ ብዙ ሽቦዎች ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሊትዝ ሽቦ የሚሉት እሱን ነው። ከሥሩ ደግሞ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ውጭ የተዘረጉ ጥቋቁር የፌራይት ቁርጥራጮች አሉ፤ ማግኔታዊ ፍሰቱ ወደ ታች እንዳይበተን ወደ ድስቱ ይመልሱታል። ይሄን በእጅሽ ስታይው ከመጽሐፍ ሶስት ምዕራፍ በላይ ይገባሻል።

የምጣድ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። ከልቤ ነው። ነገር ግን ሸክላ ምጣድ በኢንዳክሽን አይሞቅም፣ ሸክላ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከረንት አይዞርበትም። ወይ የብረት ምጣድ ነው፣ ወይ ሸክላው ሥር የብረት ሰሌዳ ነው። ሌላም ችግር አለ። የምድጃ ኮይል የሚሠራው ለድስት ነው፣ ምጣድ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። እንደዚያው አስፍተሽ እኩል ርቀት ብትጠቀልዪው ሙቀቱ እንደ ቀለበት ይሆናል፤ መሃሉና ዳሩ ይደክማሉ። እንጀራው በቀለበቱ ላይ ሲደርቅ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ዓይኑም አይወጣም። ስለዚህ ጥያቄው «ቅልጥፍና ማሻሻል» ሳይሆን ዙሮቹን የት ላጥብቃቸው፣ የት ላላላቸው፣ ኮይሉስ ከምጣዱ ስንት ሚሊ ይራቅ የሚለው ነው። ርዕስሽን እንዲህ አጥብቢው፦ ለብረት ምጣድ በሚሠራ ጠፍጣፋ ኮይል ላይ የዙሮች አቀማመጥና ከምጣዱ ያለው ክፍተት በብክነትና በሙቀት ስርጭት ላይ የሚያመጡት ለውጥ። ገንዘብ ካጠረሽ በ30 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ጀምሪ። አማካሪሽ ይሄን አይመልሰውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አለካኩም ከባድ አይደለም። የኤልሲአር ሜትር (የኮይልን ሬዚስታንስ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ የሚለካ መሣሪያ) ከላብ ተዋሺና የኮይሉን ሬዚስታንስ በሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ለኪ፣ መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ብረቱን አስቀምጠሽ። ባዶው 0.1 ኦም፣ ከብረቱ ጋር 2 ኦም ቢሆን ኮይሉ ከሚወስደው ወደ 95 በመቶው ብረቱ ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ክፍተቱን በ5 ሚሊ፣ በ10 ሚሊ ከፍ እያደረግሽ ድገሚው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ታዪዋለሽ። ከዚያ ሙሉውን ምድጃ በውሃ ፈትሺ። 2 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ 140 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ሶኬት ላይ ያለው ቆጣሪሽ 175 ካነበበ 80 በመቶ ላይ ነሽ። እስኪፈላ አትጠብቂ፣ ባሕር ዳር ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እንፋሎቱ ሂሳብሽን ያበላሸዋል። ፌም (FEMM) የሚባል ነፃ ሶፍትዌርም አለ፤ ከመጠቅለልሽ በፊት ፍሰቱ የት እንደሚሄድ ኮምፒውተር ላይ ያሳይሻል። መዳብ ውድ ነው፣ በእሱ ጀምሪ።

ሥራ አለ ወይ? «የኮይል ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም፣ እሱን አትጠብቂ። በሌላ ስም ነው የሚመጣው። ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው ፌሮ የሚያወጡ ፋብሪካዎች ውስጥ የኢንዳክሽን ማቅለጫ አለ፤ ኮይሉ ውስጡ ውሃ የሚያልፍበት የመዳብ ቱቦ ነው፣ ውሃው ከቆሸሸና ቱቦው ውስጥ ከጋገረ ያልቃል። ማስታወቂያው «የኤሌክትሪክ ጥገና መሐንዲስ» ይላል። በኤሌክትሪክ አገልግሎት በኩል ትራንስፎርመር አለ። ከህዳሴ ግድብ ጄኔሬተር ተነስቶ እናትሽ ምጣድ እስኪደርስ ኤሌክትሪኩ ስንት ኮይል ውስጥ እንደሚያልፍ አስቢው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። የእነዚህን ሞተር የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል፣ ባትሪው ግን ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ስላለው ያለ ስልጠና እንዳትነኪው።

ስለ ኮዲንግ አጭር ነው። ብትማሪው ጥሩ ነው፣ ግን ኮይሉን ለመተው ብለሽ አይደለም። ፓይተን ብትችዪ የለካሽውን ቁጥር በአንድ ማታ ግራፍ ታደርጊዋለሽ። ኢንቨርተር (ለኮይሉ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ከረንት የሚሰጠው ክፍል) የሚቆጣጠር ማይክሮ ኮንትሮለር ላይ መጻፍ ከቻልሽ ደግሞ ምድጃሽን ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ማስተርሱን ፕሮጀክትሽ ካለቀ በኋላ እናውራበት፣ አሁን አያስጨንቅሽ።

አባትሽን ደግሞ እንዳትረሺ። ሽቦ ሲጠፋ በምን እንደሚተኩት፣ የቱ ሞተር ተመልሶ እንደመጣ በቃላቸው ያውቁታል። ጠይቂያቸውና ደብተር ላይ አስፍሪው። በዚህ ሳምንት የወፍጮ ሞተር መምጣቱ አይቀርም። ከመፈታቱ በፊት ዙሩንና የሽቦውን ውፍረት ጻፊ፣ ከተጠቀለለ በኋላ ባዶውን አስነስተሽ ሶስቱንም ፌዝ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካው) ለኪ፣ ዋት ሜትር ካገኘሽ ዋቱንም ጨምሪ፣ አምፔር ብቻውን ብክነቱን አይነግርሽም። ያንን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሲቪሽን ከእሱ ተነስተን አብረን እንጽፈዋለን።