በልጆች ኳስ ሜዳ የደህንነት አስተባባሪ ነኝ፤ ጠይቁኝ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የልጆች እግር ኳስ ክለብ በበጎ ፈቃድ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። ደመወዝ የለውም። አንድ ከባድ የሕክምና ቦርሳ ግን አለው። ወላጆች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ነርስ ነሽ እንዴ?

አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ከሕክምናው ይልቅ ዝግጅቱ ላይ ነው። ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደርሼ ጎሎቹን በሁለት እጄ እነቀንቃለሁ። ተንቀሳቃሽ ጎል ልጅ ላይ ወድቆ ሊገድል ይችላል። የአሸዋ ከረጢት ካልተጫነበት ጨዋታ አይጀመርም።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ልጅ እጁ ተሰበረ። 911 ደወልን፣ አምቡላንሱም ቶሎ መጣ። የሜዳው በር ግን በሰንሰለት ተቆልፏል። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ቡና ሊገዛ ሄዷል! እጅ ስለሆነ አለፈ። ልብ ቢሆን ኖሮስ? ልብ በድንገት ሲቆም፣ ያለ እርዳታ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ የሜዳው አድራሻ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ኤኢዲ የሚባለው የልብ ማስነሻ የት እንደተቀመጠ ቦርሳዬ ክዳን ላይ ተለጥፏል። ሰው ሲደነግጥ የራሱን ስልክ ቁጥር እንኳ ይረሳል።

ልጄ ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተነስቶ «ደህና ነኝ» እያለ ለምን አስወጣሽው? ፍጻሜ ነበር እኮ!

ወንድሜ፣ ያን ቀን እንደተቆጣህብኝ አልረሳሁም። ልጁን «ከማን ጋር እየተጫወታችሁ ነው?» ስለው ያለፈውን ሳምንት ቡድን ጠራልኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልጨምር? በምዕራብ ባለችው በዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደ ጨዋታ ተመለሰና ክፉኛ ተጎዳ። በ2009 በዚያ ምክንያት ሕግ ወጣ፣ ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሉ። ጥርጣሬ ብቻ ይበቃል። ልጁ በዚያ ቀን አይመለስም፤ በኋላም ሐኪም በጽሑፍ ካልፈቀደ አይጫወትም።

የ9 ዓመት ልጄ ቴስታ ትለማመድ?

አትለማመድ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች በልምምድም በጨዋታም ከልክሏል።

ነጎድጓድ ሲሰማስ?

ሁሉም ወደ መኪና። ዛፍ ሥር አይደለም! ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ እንጠብቃለን። «ሩቅ ነው» የሚል አባት ሁሌም አይጠፋም።

ረዳት አሰልጣኙ ልጄን ብቻዋን በመኪናው ያደርሳታል። ጥሩ ሰው ነው። አይሆንም ብለው ቅር አይለውም?

እህቴ፣ ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው፤ ይሉኝታ አለብን። እዚህ ክለብ ማንም አዋቂ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም። ደንቡ እሱንም ይጠብቀዋል። «የክለቡ ሕግ ነው» በይና በእኔ አሳብቢ። እኔ ለመጠላት ነው የተቀመጥኩት! እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ፣ ልጅ ላይ ጥቃት መፈጸሙን የጠረጠረ አሰልጣኝም ሆነ እንደኔ ያለ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕግ ማሳወቅ አለበት። «መጀመሪያ በሽማግሌ እንየው» የለም። ማጣራት የፖሊስ ሥራ ነው።

እኔም ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ምን ያስፈልጋል?

የጀርባ ማጣሪያ (የወንጀል ታሪክ እንደሌለብህ ማረጋገጫ)፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ የልጆች ጥበቃ ሥልጠና፣ የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው በር ላይ እንገናኝ። ቁልፉ አሁን እኔ ጋ ነው።