ጣውንት ያደረግኋቸው ሁለት ሴቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሱዳን በኩል ስለተሰደዱ እናቶች ታሪካዊ ልብ ወለድ የምትጽፍ አንዲት ወጣት፣ «በወረቀት ሚስት የሆነችውና እውነተኛዋ ሚስት ሲገናኙ ጠባቸውን እንዴት ልሣለው?» ብላ ሰሞኑን ጽፋልኛለች። ይህን ጠብ እኔም ከሠላሳ ዓመት በፊት ጽፌዋለሁ። በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ያጣኋቸው ሁለት ሴቶች ዛሬም ከሐሳቤ ስለማይወጡ፣ መልሴን ለሁላችሁም፣ ለወጣት ደራሲዎች፣ ለማድረስ ወሰንሁ።

ያን ጊዜ በዋሽንግተን ዲሲ በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በአዳምስ ሞርጋን አካባቢ፣ አንዲት መኝታ ክፍል ባላት ቤት ከአንድ ሰው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ቀን ቀን የሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ታናሽቱ ወንድሟ በቀይ ሽብር ከተገደለ በኋላ በመተማ በኩል ወጥታ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም የደረሰች የጎንደር ልጅ ናት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች ወዲህ በካርቱም ብዙ ሰው ፎርም ሞልቶ ቃለ መጠይቅ ይጠባበቅ ነበር። አንድ የሰፈሯ ሰው ፎርሙ ላይ ባለትዳር መሆኑን ሞልቷል፤ ሚስቱ ግን ድንበሩን መሻገር አልቻለችም። ልጅቱ በሚስቲቱ ቦታ ገባች። ሚስቲቱ ከዓመታት በኋላ ስትመጣ በእህትነት ተመዝግባ መጣች፤ ስለዚህ ወረቀት ወንድሟ ያደረገውን የገዛ ባሏን በሕግ ልታገባው አትችልም ነበር።

ምስጢሩን ያወቅሁት ሚስቲቱ ልትወልድ ሆስፒታል በገባችበት ሌሊት ነው። ነርሷ የሕፃኑን አባት ስም ጠየቀች፤ እኔም ተረጎምሁ። ሚስቲቱ ምጡ ጋብ እስኪልላት ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «አላውቀውም በያት» አለችኝ። በተክሊል ያገባች ሴት ናት። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላት የነበረችው ታናሽቱ ይህን ስትሰማ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመችው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ለሐሰት ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስራት ስለደነገገ፣ የሰውየው ስም ቢጠራ ታናሽቱም ትጠፋለች ብለው ሁለቱም ይፈሩ ነበር።

ሊነጋ ሲል ታናሽቱ ከቦርሳዋ አንድ የደብተር ቅጠል አውጥታ አሳየችኝ። ካርቱም ለቃለ መጠይቁ ያጠናችው ነው፤ ሠርጉ የዋለበት ቀን፣ የአማትየዋ ስም፣ የሚዜዎቹ ስም፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ሳይቀር በተራ ተጽፎበታል። የሌላ ሴት ሠርግ በቃሏ አጥንታ ነው ሕይወቷን ያተረፈችው። ሚስቲቱ ዋሽንግተን በገባች ዕለት እግሯን አጥባት ስታበቃ፣ ቅጠሉን «ያንቺ ነው» ብላ እንደሰጠቻትና አብረው እያነበቡ ሲስቁና ሲያለቅሱ እንዳመሹ ነገረችኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ መጽሔት አጭር ልብ ወለድ ስጽፍ ጣውንት አደረግኋቸው። በአንድ ወንድ ስም የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ያለ ቅናት አይታመኑም ብዬ አሰብሁ፤ ስማቸውን በመለወጤም የሸሸግኋቸው መሰለኝ። አስተርጓሚ በሥራው ላይ የሰማውን እንደማያወጣ ጠፍቶኝ አልነበረም። ሚስቲቱ መጽሔቱን ይዛ ቤቴ መጣች። ቡናው ተቆልቶ ነበር፤ ሳትጠጣ ተነሣች። «ገመናዬን የሸፈነችልኝ እሷ አይደለችም ወይ? ጠባችንን ከየት አመጣሽው?» ብላኝ ወጣች። ታናሽቱም ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም።

ዓመተ ምሕረትና የቦታ ስም አጣሩ ብዬ አልመክራችሁም፤ በዚህ ከእኛ ዘመን ሰዎች ትበልጣላችሁ። ነገር ግን ሰው ማልቀስ ሲጀምር ስልክ አውጥታችሁ መቅረጻችሁ ያሳዝነኛል። ቅናትንም ሳትጠይቁ አትጻፉ፤ ብዙ ድርሰቶቻችሁን አንብቤ፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ጓዳ ከገቡ መጣላታቸውን አስቀድማችሁ እንደምትወስኑ አይቻለሁ። የሴቶችን ምስጢር ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ እንዳታወጡም እለምናችኋለሁ። እኔ ግን ይኸው ዛሬም ሳላስፈቅድ እየጻፍሁ ነው። ሚስቲቱ ዐርፋለች፤ ታናሽቱም ከተማውን ለቅቃ ሄዳለች፤ እኔም ዝም ካልሁ ስለ እነሱ ተጽፎ የሚቀረው ያ የሐሰት ጠብ ብቻ ነው።

ስለ ጠባቸው ለጠየቅሽኝ ልጄ የምነግርሽ የለኝም። ያ ቅጠል ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነበር። የአንደኛው ሚዜ ስም ላይ መስመር ተሰምሮ፣ ትክክለኛው ስም ከጎኑ በሌላ ሴት እጅ ጽሑፍ ገብቷል።