12 ክሬዲትና 40 ሰዓት ሥራ አብረው ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ልጀምር ነው። ስለ ፕሌስመንት ፈተናው (በየትኛው የሂሳብና የእንግሊዝኛ ደረጃ እንደምጀምር ስለሚወስነው) «ማንንም አይጥልም፣ ዝም ብለህ ተፈተን» ይሉኛል። በሳምንት 40 ሰዓት እሠራለሁ፤ ፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ክፍያ እርዳታ) እንዳይቀርብኝ 12 ክሬዲት ልመዝገብ ወይ?

መልስ፦ ፈተናው አይጥልም፣ ነገር ግን ወደ ኋላ ይመልሳል። ነጥብዎ ዝቅ ካለ ለዲግሪ የማይቆጠር የማጠናከሪያ ሂሳብ ወይም እንግሊዝኛ ይመደብልዎታል፤ ክፍያ ግን ይጠየቅበታል። በሂሳቡ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የረሳው ላይ ነው፦ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ ቀላል እኩልታ። ሁለት ሦስት ሳምንት በቀን 45 ደቂቃ ይከልሱ። ፈተናው አኩፕሌሰር የሚባለው ከሆነ ነፃ መለማመጃ አለው፤ ካልኩሌተር የሚፈቀደው በአንዳንድ ጥያቄዎች ብቻ ስለሆነ በእጅ ማስላትም ይልመዱ። ከዚያ በፊት ግን የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕትዎ ፈተናውን ይተካ እንደሆነ አድቫይዘር ይጠይቁ። ማጠናከሪያ ግድ ከሆነም፣ ከዋናው ኮርስ ጎን ለጎን የሚሰጠውን ይምረጡ፤ አንድ ሴሚስተር ያተርፋል።

ወደ 12ቱ ክሬዲት እንምጣ። ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ጥናት ይታሰባል፤ በድምሩ 36 ሰዓት ነው። ከሥራዎ ጋር 76 ሆነ! አይመከርም። ፔል ግራንት (ከፌዴራል መንግሥት የሚሰጥ የትምህርት እርዳታ) ከ12 በታች ለሚማርም ይሰጣል፣ መጠኑ በክሬዲቱ ልክ ይቀንሳል እንጂ። ስለዚህ በ6 ይጀምሩ፤ አንዱ ሂሳብ ወይም እንግሊዝኛ ይሁን፣ ምክንያቱም ሌሎች ብዙ ኮርሶች የሚከፈቱት በእነሱ ነው።

እርዳታው እንዲቀጥል አብዛኞቹ ኮሌጆች 2.0 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እና ከተመዘገቡበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ይጠይቃሉ። 12 ወስደው 6 ቢያልፉ 50 በመቶ ነው፤ ችግር ላይ ይወድቃሉ። 6 ወስደው 6 ካለፉ ግን መቶ በመቶ።

ኮርስ ከበደኝ ብሎ ዝም ብሎ መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ኮሌጁ ባወጣው ቀን ውስጥ ድሮፕ ያደረጉት (የሰረዙት) ኮርስ አይመዘገብብዎትም። ከዚያ በኋላ የወጡበት «ደብሊው» (W፣ ኮርሱን ማቋረጥዎን የሚያሳይ ምልክት) ሆኖ ይቀመጣል፤ ጂፒኤ ባይነካም ከ67 በመቶው ስሌት ውስጥ ይገባል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ጥለው ከሄዱ ደግሞ ከእርዳታው ከፊሉ ይመለሳል፣ ልዩነቱንም ኮሌጁ ከእርስዎ ይጠይቃል። የድሮፕ መጨረሻ ቀኑን ከአካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ የመጀመሪያ ፈተናዎ ውጤት ዝቅ ብሎ ከመጣ በዚያው ሳምንት ቱቶሪንግ ክፍል ይሂዱ፣ ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው።