ሰገራ ምርመራውን ልተወው ወይ ላልሽኝ እህቴ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በሕክምና ላቦራቶሪ ተመርቀሽ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሰገራ ምርመራ ላይ ትሠሪያለሽ። ስለ አንጀት ፀረ እንግዳ አካላት አንብበሽ ልብሽ ሸፍቷል። ቤተሰብ ደግሞ «ዕድሜ ልክሽን ሰገራ ስታዪ ልትኖሪ ነው?» ይላል። ሙያውን ትቼ ሌላ ዲግሪ ልጀምር ወይ አልሽኝ።

አትተዪው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስተካክል። አይጂኤ (IgA) ስለሚባለው ፀረ እንግዳ አካል «አንጀት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይገድላል» ብለሻል። አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ሰውነታችን ከፀረ እንግዳ አካላት ሁሉ አብዝቶ የሚያመርተው አይጂኤን ነው፣ በቀን በግራም የሚቆጠር፣ አብዛኛውም ወደ አንጀት ነው የሚገባው። እዚያ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፋል፣ የአንጀቱን ግድግዳ በሸፈነው ንፍጥ ውስጥ ይይዘዋል፣ ወደ አንጀቱ ግድግዳ እንዳይጠጋ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአይጥ ጥናት ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ለሁለት ሲከፈል አይጂኤው እንዳይለያይ አያይዞ እንደሚያስቀረው፣ በዚያው ተጠቅልሎ ከሰገራ ጋር እንደሚወጣ አሳይቷል። በዓመቱ ግን ሌላ መጣ፦ ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ የሚባለው የአንጀት ነዋሪ ጭራሽ አይጂኤውን ተጠቅሞ ነው ንፍጡ ላይ የሚሰፍረው። አንዱን ያስወጣል፣ ሌላውን ያደላድላል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የምወደው ይህቺን ነው።

ወደ እንጀራሽ ልመለስ። ተመራማሪዎቹ አይጂኤ የተለጠፈበትን ባክቴሪያ ካልተለጠፈበት የሚለዩት ከምን ይመስልሻል? ከሰገራ! ሰገራውን ያጥባሉ፣ አይጂኤን ለይቶ የሚይዝ የሚያበራ ቀለም ይጨምሩበታል፣ በፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ማለትም እያንዳንዱን ሕዋስ በሌዘር ፊት አሳልፎ ብርሃኑን በሚያነብ ማሽን ይለዩታል፣ ከዚያ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ያነባሉ። ለኤችአይቪ ታካሚዎች ሲዲ ፎር የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚቆጥሩት ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው። መለየት ባይችሉም፣ ሌዘሩንና ቀለሙን የምትለምጂው እነሱ ላይ ነው። ስለዚህ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደሽ የትኛው ላቦራቶሪ ማሽኑ እንዳለው ጠይቂ፣ በትርፍ ሰዓትሽ ቁጭ ብለሽ ለመማር ተለማመጪ። ፀረ እንግዳ አካላትን በቀለም ለውጥ የሚለካውን ኢላይዛንም እንዲሁ። ዲኤንኤ ንባቡን በኮምፒውተር መተንተን ደግሞ ኢንተርኔት ካለሽ ቤትሽ ሆነሽ በነፃ ትማሪዋለሽ፣ የሚችል ሰው የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ ደግሞ ከደጅሽ አለልሽ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ ጃርዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛም በየቀኑ ስላይድ ላይ እንደ ረገፈ ቅጠል ሲገለባበጥ ታይዋለሽ። አገራችን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት የምትሰጠው የሮታ (የተቅማጥ ቫይረስ) ክትባት በአፍ ነው የሚወሰደው፣ የአፍ ክትባት ደግሞ እንደኛ ባሉ አገሮች ከሀብታሞቹ አገሮች ባነሰ ሁኔታ ነው የሚሠራው። ጥገኛ ተሕዋስያኑና የአንጀት ባክቴሪያው በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አላቸው? ማስተርስሽን በኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) ስታመለክቺ ይህን ይዘሽ ሂጂ። አዲስ አበባ ያለውን የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ማስታወቂያም ተከታተዪ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የምርምር ረዳት ሥራ ብዙውን ጊዜ በፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል። ስለዚህ ኮንትራት ሳትፈርሚ ክሊኒኩን እንዳትለቂ። ሲቪሽ ላይ ደግሞ «ሰገራ ምርመራ» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽውን ዘርዝረሽ ጻፊው፦ ናሙና አያያዝሽን፣ ጥራት ቁጥጥሩን፣ በቀን ስንት ስላይድ እንደምታዪ። ከዚያ ላኪልኝና አየዋለሁ።