ለሻርጃዋ እህት፦ ስኖርክሉን አትተዪው፣ ማስክሽ ላይ ግን አትሰኪው

ሰላም እህቴ። «የስኩባ ኮርስ ልጨርስ ነው፤ ጓደኞቼ ስኖርክል የጀማሪ ዕቃ ነው ይሉኛል፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔንም እንደነሱ ያሉ ጓደኞች ናቸው ጉድ የሠሩኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ስኩባ የአየር ታንክ ተሸክሞ መጥለቅ ነው፤ ስኖርክል ደግሞ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ የሚተነፈስበት ቱቦ ነው።

ፉጃይራ ሆቴል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። መዋኘት የተማርኩት ላንጋኖ ነው፤ እጅሽን ስትዘረጊ ጣቶችሽ በማይታዩበት ቡናማ ውሃ። ዛሬ ከሰማንያ ጊዜ በላይ ጠልቄያለሁ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

1. ቀላሉን ግዢ። እኔ ኮርስ ስጀምር አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ክንድ የሚያህል ነገር አወጣልኝ። ጫፉ ላይ ማዕበል ሲመጣ የሚዘጋ ክዳን፣ ከታች ደግሞ ውሃ ማስወጫ አለው። 260 ድርሃም። «ያለዚህ ኮርሱን አታልፍም» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው፤ በፓዲ (የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ነው) ኮርስ ስኖርክል የግድ ነው፤ ውሃው ላይ ሆነሽ ከስኖርክል ወደ ሬጉሌተር፣ ማለትም ከታንኩ አየር ወደ አፍ ወደሚያመጣው ዕቃ፣ ስትቀይሪ ያዩሻል። ግን ተራው፣ እንደ ከዘራ የታጠፈው ቱቦም ያሳልፋል። እኔ ከተማርኩበት ቦታ ደግሞ በነፃ ያውሱ ነበር። ይህን የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ጉዱ የወጣው ባሕሩ ውስጥ ነው። ሬጉሌተሩ በቀኝ ትከሻ በኩል ስለሚመጣ ስኖርክሉ ማስኩ ላይ በግራ ይሰካል። የባሕሩ ጅረት ያን ትልቅ ክዳን ሲያገኘው ያርገበግበዋል። እሱ ማስኩን ይጎትታል፤ ማስኩ ውሃ ያስገባል። አንድ ቀን ደግሞ የጋርጉር ገመድ ያዘው። ጋርጉር የዚህ አገር ዓሣ አጥማጆች ባሕር ወለል ላይ የሚያስቀምጡት የሽቦ ወጥመድ ነው፤ ትልቅ የተደፋ ቅርጫት ይመስላል። አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ቀረሁ። ጓደኛዬ ነው ያላቀቀኝ። በማግስቱ ዕቃውን ልመልስ ሄድኩ። ሻጩ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አፍህ ነክቶታል» አለኝ። አለቀ፣ ደቀቀ። 260 ድርሃሜ ቀረች።

2. ኪስሽ ውስጥ ይሁን። ትልቁ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ብስጭት ሁለተኛ ስኖርክል አልይዝም አልኩ። ጓደኞቼም «አሁን ገና ጠላቂ ሆንክ» አሉኝ። «ጃኬትህን ትነፋለህ፣ በጀርባህ ትተኛለህ፣ በቃ» ነው ክርክራቸው። ጃኬቱ አየር ሲሞላ የሚያንሳፍፈን ነው። ውሃው ጸጥ ካለ ልክ ናቸው።

ከዚያ ኦማን ውስጥ ወዳለው ሙሳንደም ሄድን። እዚያ ጅረቱ ኃይለኛ ነው። ስንወጣ ጀልባዋ የለችም፤ ሌላውን ቡድን ልታነሳ ከቋጥኙ ወዲያ ማዶ ሄዳለች። ነፋሱ ተነስቷል። የታንኩን አየር የሚያሳየውን ጌጅ አየሁት፦ የቀረው ግፊት 30 ባር። ሒሳቡን ያሰብኩት በኋላ ቤቴ ነው። 11 ሊትር ታንክ ላይ 30 ባር ማለት 330 ሊትር አየር ነው። የተረጋጋ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ቢስብ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። የደነገጠ ሰው ግን እጥፉን ይስባል። እኔ ደንግጬ ነበር።

አየሩ ሲያልቅ በጀርባዬ ተኛሁ። ማዕበሉ ከአናቴ በኩል ይመጣና ፊቴን ያለብሰዋል። የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ስለሆነ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ጃኬቱን አብዝቼ ነፍቼው ደረቴን ጨምቆኛል። ጨው ውሃ ዋጥኩ። ቁርሴን መለስኩ።

አብሮኝ የጠለቀው አንድ ሸምገል ያለ ፊሊፒናዊ ነበር። ከኪሱ የተጠቀለለ ለስላሳ ቱቦ አወጣ። ሲለቀው ተዘርግቶ ቀጥ አለ። አፉ ላይ አደረገ፤ ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፋ፤ ዓሣ ማየት ጀመረ። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሱ ሽርሽር ላይ ነው! አንዴማ ክንዴን ነካ አድርጎ «እይ» እያለ ወደ ታች ጠቆመኝ። በኋላ አዘነልኝና አዋሰኝ። የመጀመሪያውን ትንፋሽ ስስብ ውሃ ሳብኩ። አፍሽ ላይ ካደረግሽው በኋላ መጀመሪያ በኃይል ነፍተሽ ውሃውን ማስወጣት አለብሽ። ኮርሱ ላይ ተምሬው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሳል?

ጀልባዋ የመጣችው ከ35 ደቂቃ በኋላ ነው። ነጂው ገና ሳያነሳን «ለምን ራቃችሁ?» ብሎ ጮኸብን። የራቅነው እኛ ነን እንዴ!

3. ልል የነበረው ጀልባ ከሩቅ እንዲያይሽ ስለሚነፋው ብርቱካናማ ባሉንና ስለ ፊሽካው ነው። ስኖርክል ጀልባ አይጠራልሽም፤ እነሱን ሁልጊዜ ያዢ። እዚሁ ፉጃይራ ያለችው ስኑፒ ደሴት ከባሕሩ ዳር ተነስተሽ ስትጠልቂ ደግሞ እስከ ቋጥኙ በስኖርክል ዋኚ፤ የታንክሽን አየር ለታች ታቆዪዋለሽ። እንደ ፊሊፒናዊው ያለ የሚጠቀለለውን እኔ በ70 ድርሃም ነው የገዛሁት። የሰመጠ መርከብ ጋ ስትሄጂ ኪስሽ ውስጥ ስለሆነ የትም አይጠላለፍም።

ለኮርሱ ብቻ ከፈለግሽ ግን ገንዘብሽን አታውጪ። ያ ባለ 260ው አሁንም በረንዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ፉጃይራ ስትመጪ ውሰጂው። አፌ የነካውን በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ።